በበዓል ፊት ስለሚሮጡ፥ ከበዓልም በኋላ ስለሚቀሩ ልጆቻችን

(በደብራችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



በዚህ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያኑን ስላሠሩት፥ ደወሉን ስለ ገዙት፥ በማሕሌቱም ስለ ደከሙት ሊቃውንት ብዙ ተነግሯል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ልናገር የወደድሁት ስማቸው በማናቸውም መዝገባችን ስላልተጻፈ ሰዎች ነው። እነርሱም በበዓል ቀን መንገዱን የሚጠርጉ፥ ምንጣፍ የሚያነጥፉ፥ ሕዝቡም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ የተዘረጋውን ጠቅልለው፥ የተተከለውን ነቅለው የሚመልሱ ወጣቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያስገድዳቸውም የለም፤ በገዛ ፈቃዳቸው ይመጣሉ።

ጥምቀትን ያየ ሰው ሁሉ እነዚህን ልጆች አይቷቸዋል፤ ያስተዋላቸው ግን ጥቂት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ካህኑ የሚረግጠው ቀይ ምንጣፍ የመንገዱን ሁሉ ርዝመት ያህላልን? አያህልም። ጥቅሎቹ ጥቂት ናቸው፥ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ታቦቱ እንዳለፈ ከኋላ ያሉት ልጆች ምንጣፉን ፈጥነው ይጠቀልሉታል፤ በትከሻቸውም ተሸክመው በሕዝቡ ዳር እየሮጡ ከፊት ይደርሳሉ፤ በዚያም የቆሙት ተቀብለው ይዘረጉታል። ይህም እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ሳይቋረጥ ይደጋገማል። ታቦቱን የያዘው ካህን በዝግታ ስለሚራመድ ተመልካቹ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ይመስለዋል፤ ያ ዝግታ ግን በሌሎች ሩጫ የተገዛ ነው። ቀድሞ ቄጤማ ብቻ ይጎዘጎዝ በነበረ ጊዜ ይህ ድካም አልነበረም፤ ቄጤማ የወደቀበት ይቀራልና።

እኛ ቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ከቃል ጋራ መጫወት ልማዳችን ነውና አንድ ነገር ፍቀዱልኝ። ከተራ የተባለው ውኃ ስለሚከተርበት ነው። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሕዝቡን በሚከትሩት ልጆች ላይ አገኘሁት። የሕዝብ ጎርፍ ከውኃ ጎርፍ ይልቅ ያስቸግራል፤ ውኃ እልልታ በሰማ ጊዜ ጨምሮ አይገፋምና።

ይህ አገልግሎት የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በጎንደር የሆነውን ያስታውስ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት በዐፄ ፋሲል መዋኛ ዘንድ ለተመልካች የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፥ ከ100 የሚበልጡም ቈሰሉ። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መዝገብ የዓለም ሁሉ ቅርስ ሆኖ ከተጻፈ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። በመዝገብ መጻፍ ክብር ነው፤ ነገር ግን ምስማር አይመታም። ምስማሩን የሚመታው፥ እንጨቱንም ነቅንቆ የሚፈትነው ሰው ነው፤ ያም ሰው ጊዜና ረዳት ያስፈልገዋል።

ደግሞ በዚያው ዓመት የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ገበያው ከተነሣ በኋላ ሜዳው በጥራጊ ተሞልቶ ቀረ። የ2013 ዓመተ ምሕረት ጥምቀት በዚያ ሊከበር የቻለው ብዙ ሰዎች በፈቃዳቸው ወጥተው ስላጸዱት ነው።

ኦሪት ዘኍልቍን በትርጓሜ የተማረ ሰው ይህን ሥራ ሊንቅ አይችልም። ደመናው በተነሣ ቍጥር ድንኳኑ ይነቀል፥ በቆመም ጊዜ ይተከል ነበርና፥ የሌዊ ልጆች ሸክሙን ተካፈሉ። የቀዓት ልጆች ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን፥ የጌድሶን ልጆች መጋረጃውንና መሸፈኛውን፥ የሜራሪ ልጆች ሳንቃውንና ምሰሶውን፥ ካስማውንና አውታሩን ይሸከሙ ነበር። ለዚህ አገልግሎት የተቈጠሩት ከቀዓት 2,750፥ ከጌድሶን 2,630፥ ከሜራሪ 3,200 ነበሩ። እንግዲህ ካስማና ገመድ ተሸካሚው ወገን ከሁሉ በዛ። ሙሴም ሠረገላውን ሲያካፍል ለጌድሶን ልጆች 2 ሠረገላና 4 በሬዎች፥ ለሜራሪ ልጆች 4 ሠረገላና 8 በሬዎች ሰጠ፤ ሸክሙ ለከበደበት ረዳቱን አበዛለት። ከዚህም ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የሜራሪ ልጆች የሚሸከሙት ዕቃ በየስሙ እንዲቈጠር መታዘዙ ነው። በምድረ በዳ ካስማው እንኳ በስሙ ሲቈጠር፥ በእኛ ዘንድ ካስማ ነቃዩ ሰው ስሙ የማይታወቅ ሆነ።

መዘርጋትና መጠቅለል አንድ ሥራ የሚመስለው ሰው ጠቅልሎ አያውቅም። በሚዘረጋበት ቀን እልልታ አለ፥ እጅ ይበዛል፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣም አይጠፋም። ጥር 11 ቀን ታቦቱ ተመልሶ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ግን ሕዝቡ ይበተናል። በሜዳው የሚቀረው የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፥ የውኃ ፕላስቲክ፥ የተረገጠ ሎሚ ነው። ምንጣፉም ጭቃና ጠበል ጠጥቶ ከብዷል፤ እርጥቡን ጠቅልለው ቢያስቀምጡት ይሻግታልና በማግስቱ በአጥር ላይ ሊሰጣ፥ የጧፉም ጠብታ ሊፋቅ ግድ ነው። ሰሙን ፍቀው የሚያነሡት እነርሱ ናቸው፤ ወርቁን ይዘን ወደ ቤታችን የምንገባ እኛ ነን። ጠበል ሲረጭ እነርሱ ገመድ ይዘው ነበር። ለዝክር የተዘጋጀው እንጀራም እነርሱ ሲመለሱ አልቆ ይቈያቸዋል። ይህ በአንድ ዓመት ብቻ የሆነ አይደለም፤ ስለዚህም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ይቀራሉ፥ የሚቀሩትም ጥቂቶች ሸክሙ ይጨመርባቸዋል።

አንዳንድ ሰው፥ ለነፍሳቸው ነው የሚያገለግሉት፥ ዋጋቸውን በሰማይ ያገኛሉ፥ ይላል። ዋጋቸውን በሰማይ ማግኘታቸውን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የእኛን ዕዳ ወደ ሰማይ ማስተላለፊያ ሆኖ አየዋለሁ፤ እንጀራ ማስቀረት የመላእክት ሥራ አይደለምና።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ለምድርም ለተገዛውም ሰው ዕረፍት የሚታወጅበት ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ በዓላችን ሰበካ ጉባኤውን የምለምነው ይህን ነው። በጸሐፊው እጅ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ምንጣፉ፥ ገመዱ፥ ድንኳኑና መጥረጊያው በቍጥር፥ ያነጠፉትና የጠቀለሉት ልጆችም በየስማቸው ይጻፉበት። ሁለተኛም ኦሪት ይህን ሸክም የሰጠችው ከ30 እስከ 50 ዓመት ላለው ጎልማሳ ነበር፤ እኛ ግን ለ15ና ለ16 ዓመት ልጆች ትተነዋል። የደብራችን ጎልማሶች ጥር 11 ቀን ማታ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ሜዳው ይመለሱ፤ የጭነት መኪና ያለውም መኪናውን ያምጣ፤ የሜራሪን ልጆች ሠረገላ ያህላልና።

እኔ ከ50 ዓመት ስላለፍሁ ከዚህ ቍጥር ወጥቻለሁ። ነገር ግን ያው ኦሪት ሽማግሌውን ሌዋዊ ከሸክም ብታሳርፈውም ከጥበቃ አታስቀረውም። ስለዚህ በዚያች ሌሊት በዕቃ ቤቱ በር ተቀምጬ ጥቅሎቹን እየቈጠርሁ እቀበላለሁ። እንጀራውም የመጨረሻው ጥቅል እስኪገባ ድረስ በመሶቡ ተከድኖ ይቈይ።