መጀመሪያ ልጁን መስማት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

አንዱ ልጅ ጓደኛውን ሊወጋ ቢላዋ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። ሌላዋ ልጅ ደግሞ፣ እናቷ ለብርቱካን መላጫ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የከተተችላትን ቢላዋ ይዛ ገባች። ቅጣታቸው እኩል ይሁን? «ዜሮ ቶለራንስ» የሚባለው፣ ሁኔታውን ሳያይ ሁሉንም እኩል የሚቀጣው አሠራር፣ መልሱ «አዎ» ነው።

ለምሳሌ አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይዞ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲባረር ተደነገገ። ዓላማው ልጆችን ከጥይት ማዳን ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ጥብቅነቱን ወደ ጠብ፣ ወደ ስድብ፣ ወደ አለመታዘዝም አሰፉት።

ውጤቱስ? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል፣ አሠራሩ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ ስለማድረጉ ማስረጃ አላገኘም። የተባረረው ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቅጣቱም በጥቁር ተማሪዎች ላይ ይበረታል።

በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይህን ያዙ፦ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ሲያግድ ጥፋቱን ሊነግረውና ቃሉን ሊሰማ ይገባል። ያጠፋ ልጅ ይታረም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ይደመጥ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)