የቦካና የሻገተ



ዛሬ የምናወራው ስለ ዶሮ መኖ ነው። ሊጥ ማቡካት እኔ ለእናንተ አላስተምርም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። ያው ብልሃት ለዶሮም ይሆናል።

የተከካ ገብስ ወይም በቆሎ በንጹሕ ማሰሮ አድርጉ። ውሃው ከእህሉ በላይ አራት ጣት ይሁን። ክደኑት፤ በየቀኑ አማስሉት። በብርድ ጊዜ 3 ቀን ያህል ይፈጃል። እንደ ሊጥ ኮምጠጥ ብሎ ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። እህሉ ይለሰልሳል፤ ለዶሮዋም ሆድ ይቀላል። ኮምጣጣነቱ ብዙ ጎጂ ጀርሞችን ያዳክማል። በቀን የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። ንጹሕ ውሃና ቅጠላ ቅጠል አይጉደልባቸው።

የጠላ አተላስ? ሳይቆይ፣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ «ለዶሮ ምን አለበት» ብዬ የሻገተ አተላ ሰጠሁ። 4 ጫጩቶች ሞቱ። እናቴ ዶሮዎቹን የምታረባው ለደብተሬ መግዣ ነበር።

የቦካ ይኮመጥጣል፤ የሻገተ ግን ጠጉር ያበቅላል። የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም። ስለዚህ ላዩን ብቻ ገፋችሁ አታብሉ። እህል መጣል ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሁሉንም ቅበሩት። ማሰሮውንም እጠቡ።