«ምች ነው» ያልነው የመድኃኒት ጉዳት
(በመካኒሳ አቦ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላትና ለተማሪዎች ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



እኔም የዚሁ የመካኒሳ አቦ ልጅ ነኝ። ክበባችሁ ስለ መድኃኒት አጠቃቀም እንድነግራችሁ ሲጋብዘኝ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ።

በ1998 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፊቴን ብጉር ወርሶት መስታወት ማየት አስጠልቶኛል። አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ልበላቸው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ክኒን ሲውጡ አያለሁ። «እባክዎ ለኔም ይስጡኝ፣ ለቁስል ጥሩ ነው ይባላል» ብዬ ለመንኳቸው። አንጀታቸው አልችል ብሎ ከብልቃጡ ቆጥረው ሰጡኝ። ብልቃጡ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተልጧል። ለምን ተላጠ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሁለት ሳምንት ገደማ እንደወሰድኩ ትኩሳት ያዘኝ። ዓይኔ ቀላ፣ ከንፈሬና አፌ ውስጥ ቆሰለ። እናቴ «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፣ ጨምቃም በቡና አጠጣችኝ። እኔ ደግሞ ይሻለኛል ብዬ ክኒኑን መዋጤን ቀጠልኩ! በሦስተኛው ቀን ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሰውነቴን ወረረው፤ ምራቄን እንኳ መዋጥ አቃተኝ። ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ደጋግሞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ምን መድኃኒት ወስደሻል?» ስሙን ከየት ላምጣው? ይህን የሰሙት እትዬ ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ እየሮጡ መጡ። እናቴና ሌሎች ጎረቤቶች ባሉበት «ኮትሪሞክሳዞል ነው። ቫይረሱ በደሜ ስላለ በየቀኑ የምወስደው ነው» አሉ። ለዓመታት የደበቁትን ምስጢር ለኔ ሕይወት ሲሉ አወጡት። ጽሑፉንም የላጡት ሰው እንዳያውቅባቸው ነበር።

የያዘኝ ሕመም ስቲቨንስ ጆንሰን ይባላል። ኮትሪሞክሳዞል፣ ኔቪራፒንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሊያስከትሉት ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የሚይዘው ጥቂት ሰው ቢሆንም ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። እኔ ተርፌያለሁ።

ታዲያ ክኒኑ መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም! ለእትዬ ከሳንባ ምችና ከሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎች የሚጠብቅ ጋሻቸው ነበር። ጥፋቱ ለሳቸው የታዘዘውን እኔ መውሰዴ ነው።

ወጣቶች፣ ማንኛውም መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ግን ሁሉም አያስደነግጥም። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል ወይም ራሱን ያመዋል። ይህን ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ብዙዎች ጸበል ስንጠጣ መድኃኒቱን እንተው ይሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። እዚህ አቦ ጸበል የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

የሚከተሉት ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይሰጡም፦
• ከትኩሳት ጋር የሚወጣ ሽፍታ፣ የቆዳ መላጥ፣ የአፍ ወይም የዓይን መቁሰል
• የከንፈር፣ የፊት ወይም የምላስ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር
• ራስን መሳት፣ ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ

ከነዚህ አንዱን ካያችሁ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጡ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።

ፋርማሲ ስትገቡም አትፈሩ፣ ጠይቁ፦ ስሙ ማነው? ለስንት ቀን ነው? ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል? ለምሳሌ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ከዶሉቴግራቪር ጋር ባንድ ጊዜ ከተወሰደ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ከዚህ በፊት መድኃኒት ጎድቷችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ እስካሁን ሰልፋ ያለበት መድኃኒት እንደማይስማማኝ የሚገልጽ ወረቀት በቦርሳዬ እይዛለሁ። የሚያጠራጥር ነገር ሲገጥማችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የሚደወልበት መስመር አለው፤ 8482 ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን እትዬ አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ እናቴ መጀመሪያ የሄደችው እሳቸው ቤት ነው፤ ቡና አብረው ጠጡ። እትዬ ከዚያ ወዲህ የመድኃኒታቸውን ጽሑፍ ልጠው አያውቁም። ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል።

አድልዎና መገለል የሚጎዳው ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተላጠ ብልቃጥ የጎረቤትንም ልጅ ሊገድል ይችላል። በየቤታችሁና በየክፍላችሁ ማንም ሰው መድኃኒቱን የማይደብቅበትን ሰፈር ፍጠሩ። ይህ ከማንም ፋርማሲስት ይልቅ በናንተ እጅ ያለ ሥራ ነው።