የቀኑን ሙቀት ለሌሊት
በባንኮ ጎቲቲ ለቡና አምራቾች የተደረገ ንግግር




የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ጥራት ስንነጋገር በአብዛኛው የምናነሳው የቀኑን ሥራ ነው፤ ቀዩን እሸት መልቀም፣ አልጋ ላይ በስሱ ማስጣት፣ ማገላበጥ። ዛሬ ስለ ሌሊቱ እናገራለሁ።

አገራችን ደጋማ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ይወርዳል። ስለዚህ ሲመሽ ቡናውን እንሸፍናለን። ሽፋኑ ጤዛውን ቢከለክልም ከቡናው የሚወጣውን እርጥበት ያፍናል። ጠዋት ላስቲኩ ውስጡን አልቦት የምናገኘው ለዚህ ነው። ሳይታጠብ የሚደርቀው ቡና ደግሞ አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በእነዚያ ሌሊቶች ሻጋታ ከገባበት የዓመት ድካማችን በዝቅተኛ ደረጃ ይሸጣል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምጣድ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። በላስቲክ በተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ ሥር የተደረደረ ጥቁር ድንጋይ፣ ወይም በጥቁር ጀሪካን የተሞላ ውሃ፣ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

ሆኖም ሒሳቡን እንይ። 100 ኪሎ እሸት ቡና እስኪደርቅ ድረስ ወደ 60 ኪሎ ውሃ ይወጣዋል። 1 ቶን ድንጋይ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ የሚያተነው 7 ሊትር ያህል ብቻ ነው። 1 ቶን ውሃ ግን 35 ሊትር ገደማ ያተናል። ስለዚህ የተከማቸ ሙቀት ፀሐይን አይተካም፤ ቀን የደረቀው ቡና ሌሊት መልሶ እንዳይረጥብ ያግዛል እንጂ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ እርጥብ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይ ካልተተወ ሙቀቱ ቡናውን ያፍነዋል። ሁለተኛ፣ የቡናው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ በቴርሞሜትር መከታተል ያስፈልጋል። እንጨት እናንድድ የሚል ሐሳብ ቢነሳ ግን አልስማማም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የቆመው በዛፎቻችን ነው፤ የቡናችንም ጥላ እነርሱ ናቸው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው የለቀማ ወቅት አንድ ትንሽ ማድረቂያ እንሥራ። ከአንድ ቀን ለቀማ ግማሹን በተለመደው አልጋ፣ ግማሹን በማድረቂያው እናድርቅ። የእርጥበቱን መጠን ማታና ጠዋት እየለካን እንመዝግብ፤ በመጨረሻም ሁለቱን አስቀምሰን እናወዳድር። ልዩነቱ ወጪውን የማይሸፍን ከሆነ እንተወው። የሚሸፍን ከሆነ ግን ዩኒየኑና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለሌሎች መሠረታዊ ማኅበራት እንዲያደርሱት እንጠይቅ።