ስለ ቤት ምድጃ መከለያ ምርጫና አሠራር
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሹማምንት የተሰጠ ንግግር)




በደጋ አገር የሚኖር ሰው ከእሳት ርቆ ሊኖር አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር ስለሚበልጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ስለዚህ በእነዚህና በሌሎችም የደጋ ከተሞች ከግድግዳ ጋር የተሠራ፥ ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ በአንዳንድ ቤቶች ይገኛል። ቤተሰብ ማታ ተሰብስቦ የሚጨዋወተው በዚሁ ምድጃ ፊት ነው። እኔ ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት ግን በእሳቱና በልጆቻችን መካከል ስለሚቆመው መከለያ ነው።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤቴ ምድጃ መከለያ ላሠራ አስቤ፥ የምድጃውን አፍ ስፋት ከላይ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ለክቼ ለብረት ሠሪው ሰጠሁት። ሥራው አምሮ መጣ፤ ነገር ግን አልገባም። የምድጃው አፍ ከላይ 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከታች 88 ብቻ ኖሯል። ገንዘቤን ላለማባከን ብዬ መከለያውን እንዲያው ከፊቱ አስደግፌ አቆምሁት። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ ጫፉን ይዛ ብትስበው ወደ እርስዋ ወደቀ። እናትዋ ፈጥና ባታነሣት ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ጥፋቱ የባለ እጁ አልነበረም፤ የእኔ የባለቤቱ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ልክ ነው። ስፋቱን ከላይ፥ ከመካከልና ከታች፤ ቁመቱንም ከግራ፥ ከመካከልና ከቀኝ ለኩ። መከለያው በምድጃው አፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከየሦስቱ ልክ አነስተኛውን ያዙ። ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም አትርሱ፤ አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ አለዚያ መዝጊያው እሳቱ በጋለ ጊዜ ይነክሳል፤ አይከፈትም። የምድጃው ፊት ቀጥ ያልሆነ ድንጋይ እንደ ሆነ ግን፥ መቃኑ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በድንጋዩ ላይ ተርፎ ከውጭ እንዲለጠፍ ማድረግ ይሻላል። በማናቸውም መንገድ ቢሠራ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። ያልታሰረ መከለያ ልጅ የሚስበው ወጥመድ ነው።

ሁለተኛው የሚሠራበት ነገር ነው። የሽቦ ወንፊት ሙቀቱን እያሳለፈ ፍንጣሪውን ያግዳል፤ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። በተለይም ጽድና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ የሚያነድ ሰው ያለ ወንፊት እሳት አያንድድ፤ አንዲት ፍንጣሪ ምንጣፍና ጋቢ ለማቃጠል ትበቃለችና። ለቤት ክዳን የምናውለው ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ የተለበጠበት ዚንክ በኀይለኛ ሙቀት ይጎዳል፤ በብየዳም ጊዜ የሚወጣው ጢስ ሠራተኛውን ያሳምማል። ስስ ላሜራም ስለሚጣመም ወፈር ያለ ጥቁር ብረት ይመረጥ፤ ቀለሙም ሙቀት የሚችል ይሁን።

የመስተዋት መዝጊያ የሚፈልግ ሰው የመስተዋቱን ዐይነት አጥብቆ ይጠይቅ። የመስኮት መስተዋት ይሰነጠቃል። በሙቀት የጠነከረው መስተዋት እስከ 250 ዲግሪ ያህል ይችላል፤ ስለዚህ እሳቱ በሚነድበት ጊዜ መዝጊያው ተከፍቶ ወንፊቱ ብቻ ይዘጋል። ሴራሚክ የሚባለው መስተዋት ግን ወደ 700 ዲግሪ ስለሚችል ተዘግቶ ሊነድበት ይቻላል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም መስተዋትም ሆነ ወንፊት ራሱ ይግላል፤ የነካውን እጅ ያቃጥላል። ሕፃን ያለበት ቤት ከምድጃው ፊት አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከግድግዳ ጋር የታሰረ የብረት አጥር ይጨምር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የጢስ ነገር ነው። ብዙ ሰው መዝጊያ ካሠራ በኋላ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ ፍሙ ሳይጠፋ የጢስ መውጫውንም ይዘጋል። ይህ ለሞት የሚያበቃ ነው። ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በተዘጋ ቤት የከሰል ማንደጃ አስገብቶ መተኛት ስንቱን ሰው እንደ ጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል። መከለያ ከፍንጣሪና ከመቃጠል ይጠብቃል እንጂ ከዚህ መርዝ አያድንም። ስለዚህ ማታ የመስተዋቱን መዝጊያ ብትዘጉም፥ አመዱ ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ የጢስ መውጫው ክፍት ይሁን።

ክቡራን ሹማምንት ደግሞ በእንግዳ ማረፊያዎችና በመሰብሰቢያ አዳራሾች ያሉትን ምድጃዎች እንድትመለከቱ እለምናለሁ። ሥራው በውል ሲሰጥ ልኩ፥ የብረቱ ውፍረትና የመስተዋቱ ዐይነት በጽሑፍ ይገለጽ። እንዲህ ሲሆን ባለ እጁ ያለ ክርክር ይሠራል፤ የመንግሥትም ገንዘብ በከንቱ አይጠፋም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ማታ ሜትር ይዞ ስድስት ጊዜ መለካት ብዙ ድካም አይደለም። እኔ ያን ድካም ስለ ሸሸሁ ልጄን ላጣት ነበር፤ እናንተ ግን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከእሳቱ በፊት ሜትሩን እንድታነሡ አደራ እላለሁ።