ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላስ?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





እዚህ የቆምነው ምሁራን ሆነን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ጀምረን በመካከሉ ያቋረጥን፣ በዚህ በቦስተን ከተማ ታክሲ እየነዳን ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ነን። ታክሲ ግን ብዙ ያሳያል። በየዓመቱ ትምህርት ሊጀመር ሲል ከኤርፖርት ተማሪዎች ጭነን ወደ ሐርቫርድ የቢዝነስ ት/ቤት እናደርሳለን። ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት መካከል ሴቶቹ ጥቂት አይደሉም፤ ከሕንድም፣ ከቻይናም፣ ከናይጄሪያም የመጡ አሉ። "የእኛዎቹ ልጆችስ?" እያልን እንመለሳለን። ዛሬ ይዘን የመጣነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በሩ ለማንም ሴት በቀላሉ አልተከፈተም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ት/ቤቱ የተቋቋመው በ1908 ሲሆን፣ ሴቶችን ለሁለት ዓመቱ የኤም.ቢ.ኤ. ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ የተቀበለው በ1963 ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የገቡት ሴቶች ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ከስድስት መቶ በላይ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ሴቶችን ወደዚህ ትምህርት ለማምጣት የሚሠራው ፎርቴ የተባለው ድርጅት በ2001 ተቋቋመ። በ2021 በፊላደልፊያ የሚገኘው ዋርተን ከተቀበላቸው የኤም.ቢ.ኤ. ተማሪዎች ውስጥ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶቹ ከግማሽ በለጡ። ሆኖም በ2023 በፎርቴ አባል ት/ቤቶች በአማካይ ሴቶቹ ከመቶ 42 ገደማ ነበሩ።

ይህን ከሌላው ጋር እናስተያየው። በአሜሪካ የሕግ ት/ቤቶች በ2016፣ በሕክምና ት/ቤቶች ደግሞ በ2019 የሴት ተማሪዎች ቁጥር ከወንዶቹ በልጧል። ታዲያ ቢዝነሱ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? ትምህርቱ ስለሚከብዳቸው ነው የሚል ካለ የሕክምና ተማሪዎቹን ይመልከት። አንዱ ትልቅ ምክንያት ጊዜው ነው። ወደ ሕግና ወደ ሕክምና ብዙዎች ከኮሌጅ እንደወጡ ወይም ጥቂት ቆይተው ይገባሉ። ታላላቆቹ የቢዝነስ ት/ቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት አራት አምስት ዓመት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ የምታመለክተው ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው። ያ ዕድሜ ደግሞ የትዳር፣ የልጅና የመጀመሪያው ዲግሪ ዕዳ የሚከፈልበት ዕድሜ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቀመጥ አለ። እንደ ሐርቫርድ ባለው ት/ቤት ክፍያው ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ70,000 ዶላር በላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመካከላችን ያደገች አንዲት ልጅ፣ አምስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ከሠራች በኋላ፣ ኤም.ቢ.ኤ. ለመማር ተቀባይነት አግኝታ ደብዳቤዋን ይዛልን መጣች። ኮሌጅ ስትገባ ድግስ ደግሰን፣ ገንዘብ አዋጥተን የሸኘናት እኛው ነበርን። ያን ቀን ግን ያልናት "ልጃችን፣ ዲግሪ አለሽ፣ ሥራ አለሽ፤ ከእንግዲህ ትዳርሽን ብታስቢ አይሻልም?" ነበር። ወንድሟ በዚያው ዕድሜ ማስተርሴን ልማር ሲል "ጎበዝ!" ብለን፣ ለብድሩም ዋስ ሆነን ፈርመናል። እሷ ወደ ማኅበሩ የትምህርት ድጋፍ ኮሚቴ ስትመጣ ደንቡ "ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ" ይላል ብለን መለስናት። ቀነ ገደቡ አለፈ፤ ቦታዋም ለሌላ ተሰጠ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ እኛም ነበርን። ዛሬ በአደባባይ የምንናገረው ስለሚጸጽተን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ገንዘብ ማስተዳደር ለሴቶቻችን አዲስ አለመሆኑ ነው። የዕቁባችንን መዝገብ የያዘችው ማን ናት? የዚህን አዳራሽ ኪራይ ከየቤታችን እየዞረች የሰበሰበችው ማን ናት? በአገራችንም በ2013 ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የተመሠረተው በሴቶች ግንባር ቀደምትነት ነው። ችሎታው አለ። የጎደለው በሃያ ስድስት ዓመቷ ከጎኗ የሚቆም ሰው ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ "ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ" የሚለው አንቀጽ ይሻሻል። ሁለተኛ፣ ለወንዶቹ ልጆቻችን ዋስ እንደምንሆን ሁሉ ለሴቶቹም እንሁን። ሦስተኛ፣ ልጅ ወልዳ የምትማር እኅት ካለች፣ ፈተና ሲደርስባት ልጇን ተራ ገብተን እንጠብቅላት። ታክሲ ነጂዎች ሰዓታችን በእጃችን ነው፤ የመጀመሪያውን ተራ እኛ እንይዛለን።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። ይቀበሏት አይቀበሏት የት/ቤቱ ጉዳይ ነው። ደብዳቤዋን ይዛ ብትመጣ የምንላትን ግን እኛ ከአሁኑ እንወስን።