የዘበኛው ደብተር

ተመራቂዎች፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ጋዋን የለበሱትም ላብ በላብ ሆነዋል።

የባዮሎጂ፣ የኬሚካል ምሕንድስና፣ የሶፍትዌርና የሕግ ተማሪዎች አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይጣሉ ከረሙ ቢሉኝ አላምንም። ተጣልታችሁ ነው የከረማችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ። የሕግ ተማሪዋ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን ይዛ «ይህ ባክቴሪያ ከዚህ በር አይወጣም» ያለች ቀን የምሕንድስናዎቹ ፊት ምን እንደመሰለ ሰምቻለሁ።

የተጣላችሁበት ሥራ መነሻው ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድን ለይቶ የሚያውቅ የአርኤንኤ ቁራጭ በባክቴሪያዎች ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ እናንተ ከዚያ ተነሥታችሁ ውኃውን የሚመረምር ባክቴሪያ ጀመራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኤዲንብራ ተማሪዎች ለአርሰኒክ እንዲሁ ሞክረው ነበር። በዚያው ዓመት የኤምአይቲ ልጆች ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ማደግ ሲያቆም ሙዝ ሙዝ እንዲሸት አደረጉት። ጠዋት ኢንኩቤተር ከፍቶ የተፈጥሮ ሽታውን የማገ ሰው ቁም ነገር መሥራታቸው ይገባዋል። እነዚያ ልጆች ተመርቀው ከሄዱ ቆዩ። ሥራቸውን ዛሬ የምናወራው ስለጻፉት ነው።

ይኸው፣ ወደ ራሴ አባዜ ገባሁ፤ መዝገብ።

በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ ዲኤንኤ መቀጠል አልሆን አለን። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ፕሌቱን ስናወጣ አጋሩ ላይ አንዲት ኮሎኒ የለችም። አንዱ ውኃውን ጠረጠረ፣ ሌላው የተማሪዎቹን እጅ። ጠበል ላምጣ ያለችም ነበረች። በሩን የሚጠብቁት፣ ጋሼ የምንላቸው ዘበኛ የጄኔሬተሩም ኃላፊ ነበሩ። የናፍጣ ሒሳብ ሲወራረድ ደብተራቸው ቢሮ ገባ። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ጽሕፈቱ ግን የተለቀመ። «መብራት ሄደ፣ ከሌሊቱ 6፡20። መጣ፣ 10፡05። ናፍጣ የለም።» እንዲህ ያለው ሌሊት ገጽ ሙሉ ነበር።

ነገሩ ተፈታ። ዲኤንኤ ከሚቀጥለው ሊጌዝ ኢንዛይም ጋር የሚመጣው በፈር ኤቲፒ አለበት፤ እየቀለጠ ደግሞ በረዶ ሲሆን ኤቲፒው ይበላሻል። ያረጀው ፍሪዘራችን ሌሊት ያቀልጥና ጠዋት ስንገባ በረዶውን መልሶ ሠርቶ ይጠብቀናል። ማን ይጠርጥር? የእኛ የባለ ዲግሪዎቹ መዝገብ «ሊጌሽን፣ አልሠራም» ይላል። ቀን እንኳ የለውም። አዲስ በፈር መጣ፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ተቀመጠ፣ ኮሎኒው ወጣ። ለጋሼ ሲነገራቸው «ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አሉ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ፎቶው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አለ» አትበሉኝ። የትኛው መስመር ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት የጄል ፎቶ የሜዳ አህያ ፎቶ ነው። የከሸፈውን ከሠራው አስበልጣችሁ ጻፉ። የሠራውንማ ሁሉም ያወራዋል። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን የእናንተን ሦስት ወር ደግሞ እንዲያቃጥል ካልፈለጋችሁ በቀር።

አማካሪዎች፣ ከጉምሩክ ሪኤጀንት ለማስለቀቅ ስትመላለሱ፣ ቅዳሜያችሁን ከቤተሰባችሁ ቀምታችሁ ስትሰጡ መክረማችሁን አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የልጆቹን መዝገብ ሳታነቡ የምትፈርሙ አላችሁ። ፊርማችሁ ከገጽ ገጽ አንድ ዓይነት ነው፣ በአንድ ቁጭታ የተፈረመ። አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ሙከራችሁን አስጎብኝተውኝ ነበር። ጽዱ ነው፣ ደስ ይላል። ፍሪዘሩ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ግን «አዲስ»፣ «አዲስ 2» እና «የመጨረሻው አዲስ» የሚሉ ቱቦዎች አሉ፤ የአንዱን ጽሕፈት አልኮል ጠርጎ ግማሹን ወስዶታል። የማን ናቸው ብዬ አልጠይቅም፤ ፊት ረድፍ ላይ የሚሳሳቁትን እያየሁ ነው። ምሳው ሰባት ሰዓት ነው። አልኮል የማይለቀው ማርከር ኪሴ ውስጥ አለ፤ ሰርተፍኬታችሁን ስትቀበሉ ጠይቁኝ።